የተተዉ እርከኖች ይታደሱ ወይስ ለደን ይለቀቁ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። አራሾቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ የተዳፋት እርከኖች፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ከተካቡት የድንጋይ ካቦቻቸው ጋር፣ በማኅበረሰብ ጉልበትና በሕዝብ ገንዘብ ሊታደሱ ይገባል ወይስ መሬቱ ቁጥቋጦና ዛፍ እንዲለብስ መተው ይሻላል? አብነት የምትጠቅሱ ተሳታፊዎች ቦታውንና ዘመኑን እንድትገልጹ እጠይቃለሁ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን።

የበጎ ፈቃድ ማኅበር አስተባባሪ፦ እኔ ይታደሱ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴም ከውበትና ከትዝታ በፊት አፈር ነው። በገደላማ ተዳፋት ላይ ያለ የእርከን አፈር ብዙ ጊዜ ሰዎች ተሸክመው ያወጡት፣ ከድንጋይ የለዩትና በፍግ ያዳበሩት አፈር ነው። ካቡ ሲናድ ትውልዶች ያጠራቀሙት ይህ አፈር በጥቂት ኃይለኛ ዝናብ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ በአንድ ሰው ዕድሜም ተመልሶ አይተካም።

ማደስ እንደሚቻል የሚያሳይ አብነትም አለ። በጃፓን ሚኤ ግዛት፣ በኩማኖ ከተማ አስተዳደር ውስጥ የሚገኘው ማሩያማ ሴንማይዳ በ1601 በተጻፈ መዝገብ 2,240 የሩዝ እርከኖች ነበሩት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን የሚታረሱት 530 ያህል ብቻ ነበሩ። ነዋሪዎቹ የጥበቃ ማኅበር አቋቁመው ቁጥቋጦውን መነጠሩ፣ ካቦቹን ጠገኑ፣ የውሃ ቦዩን ከፈቱ፤ የከተማ ሰዎችም ዓመታዊ ክፍያ እየከፈሉ የአንድ እርከን ባለድርሻ የሚሆኑበትን ሥርዓት ዘረጉ። ዛሬ በእርሻ ላይ ያሉት እርከኖች 1,340 ደርሰዋል። ይህን የሠሩት በዕድሜ የገፉ ገበሬዎችና በጎ ፈቃደኞች መሆናቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የሥነ ምህዳር ተመራማሪ፦ አስተባባሪው የጠቀሱትን ሥራ አከብራለሁ፤ ሆኖም ከዚያው ቁጥር ሌላ ነገር አነባለሁ። ከ2,240 እርከኖች 1,340 ቢመለሱ 900 ያህሉ አልተመለሱም ማለት ነው። እንዲህ የተጋ ማኅበረሰብ እንኳ የቱን አድሶ የቱን እንደሚተው መምረጥ ግድ ሆኖበታል። እኛ ግን “ሁሉም ይታደስ” እያልን ነው።

ሰዎች እርከናቸውን የተዉት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ጠባብ እርከን ውስጥ ትራክተር አይገባም፤ ሥራው ሁሉ በእጅና በትከሻ ነው፤ ምርቱ ግን ገበያ ላይ የሚወዳደረው በመሣሪያ ከታረሰ ሰፊ ሜዳ ምርት ጋር ነው። ልጆቹ ወደ ከተማ የሄዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ሳይለወጥ ካቡን ብቻ መልሰን ብናቆም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ካብ እንደገና ይናዳል፤ የሕዝቡም ገንዘብ አብሮ ይፈስሳል። በአንጻሩ መሬቱ በዛፍ ሲሸፈን ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ የረገፈው ቅጠል ውሃ ይመጥጣል፣ አእዋፍና አራዊትም ይመለሳሉ፤ ለዚህም ከሰው የሚጠበቀው ድካም እጅግ ያነሰ ነው።

የካብ ባለሙያ፦ የሁለታችሁንም አንብቤአለሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ካብ ስክብ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ስለ ካቡ ራሱ ትንሽ እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ ሁለታችሁም ስለ ካብ የምትናገሩት አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንደሚያልቅ ነገር አድርጋችሁ ነውና።

ያለ ማጣበቂያ የተካበ ካብ የሚቆመው በድንጋዩ ክብደትና በአቀማመጡ ነው። መሠረቱ ጠንካራ አፈር ወይም አለት እስኪገኝ ይቆፈራል፤ ትልልቆቹ ድንጋዮች ከታች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በሥሩ ያሉትን የሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ እንዲሸፍን ይደረጋል፤ የድንጋዩ ረጅሙ ጎን ወደ ካቡ ውስጥ እንጂ በፊቱ ላይ አይዘረጋም። ካቡ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ተዳፋቱ ዘንበል ይላል። ከፊት ድንጋዮቹ ጀርባ ያለው ክፍተት በአፈር ሳይሆን በትንንሽ ድንጋይ ተጠቅጥቆ ይሞላል፤ ብዙ ሰው የሚያበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ያ ሙሊት ውሃ እያሳለፈ አፈር ያስቀራል። ውሃ ካቡ ጀርባ ከተጠራቀመ ግፊቱ ማናቸውንም ካብ ይገፋል፤ መጀመሪያ ካቡ መሐል ላይ እንደ ሆድ ይነፋል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ይወድቃል።

ሲሚንቶ የሚጨምሩ ሰዎች ካቡን ያጠነከሩ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ውሃው የሚወጣበትን ቀዳዳ ሁሉ ስለሚደፍኑ፣ በቂ ማፋሰሻ ካልተሠራለት በቀር፣ መውደቂያውን ያፋጥኑታል። ደረቁ ካብ መሬቱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ጥቂት ይላወሳል፤ ሲጎዳም የተጎዳው ክፍል ብቻ ተፈትቶ በዚያው ድንጋይ ይካባል።

ዩኔስኮ በ2018 በማይዳሰሱ ቅርሶች ወካይ መዝገብ ያሰፈረው ይህንኑ ዕውቀትና የአካካብ ጥበብ ነው። በዚያን ጊዜ ክሮኤሺያ፣ ቆጵሮስ፣ ፈረንሳይ፣ ግሪክ፣ ጣሊያን፣ ስሎቬኒያ፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ በጋራ አስመዘገቡት፤ በ2024 አምስት አገሮች ተጨምረው 13 ሆኑ። የተመዘገበው ሰው በእጁ የሚያውቀው ነገር መሆኑን ልብ በሉልኝ። በአንድ ቅዳሜ ብዙ ሰው አሰልፎ ረጅም ካብ ማቆም ይቻላል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዝናብ በኋላ ግን እኔ እንደገና እጠራለሁ። ሁለት ሰው በትክክል ብናስተምር ይሻላል ያልሁትም ብዙ ጊዜ ነው።

የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ፦ ተመራማሪዋ እህቴ ዛፍ አፈሩን ይይዛል ብለዋል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መቼ እንደሚይዝ መጠየቅ አለብን። በጣሊያን በቺንክዌ ቴሬ ኦክቶበር 25 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጅግ ከባድ ዝናብ ወርዶ ቬርናትሳና ሞንቴሮሶ የተባሉትን መንደሮች በጎርፍና በጭቃ አጥለቅልቋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በቬርናትሳ ዙሪያ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ለናዳ ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጡት ከተተዉ ብዙ ዘመን ያልሆናቸው እርከኖች ነበሩ። በሚታረሱት ላይ የደረሰው ናዳ መጠኑ ያነሰ ነበር፤ ከተተዉ ረጅም ዘመን ሆኗቸው ደን የለበሱትም ከቅርብ ጊዜዎቹ ይልቅ የተረጋጉ ነበሩ።

ከዚህ የምረዳው አደገኛው ዘመን መካከለኛው መሆኑን ነው። አራሹ ሄዷል፣ ቦዩ ተደፍኗል፣ ካቡ ሆድ አውጥቷል፣ ዛፉ ግን ገና ሥር አልሰደደም። ስለዚህ “እንተወው” የሚለው ውሳኔ በዚያ መካከለኛ ዘመን ከተዳፋቱ ግርጌ የሚኖሩ ሰዎችን ለአደጋ አጋልጦ መቆየትን ይጨምራል። ከእርከኑ በታች መንደር፣ መንገድ ወይም የውሃ ምንጭ ካለ ወጪው የባለመሬቱ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የሕዝብ ገንዘብ መዋሉ ተገቢ ነው የምለውም በዚህ ነው። ከበታቹ ማንም የሌለበት ሩቅ ሸንተረር ከሆነ ግን የተመራማሪዋን ሐሳብ እቀበላለሁ።

የሥነ ምህዳር ተመራማሪ፦ ይህ ነጥብ ትክክል ነው፤ “መተው” ስል ዘወር ብሎ መሄድ ማለቴ እንዳልነበረ መግለጽ ነበረብኝ። የሚተወውም መሬት ቢያንስ ውሃው በሰላም የሚወርድበት ቦይ ሊጠረግለት፣ ሊወድቅ የደረሰው ካብም በቁጥጥር ዝቅ ሊደረግ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ደንና እርከን እንደ ጠላት የቀረቡት በእኛ ክርክር ውስጥ ነው። በፊሊፒንስ የኢፉጋኦ ሕዝብ ከሩዝ እርከኖቹ በላይ ሙዮንግ የተባለ ደን በየቤተሰቡ ይጠብቃል፤ ለእርከኑ ውሃ የሚያቆየው ያ ደን ነው። እርከኖቹ በ1995 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው በ2001 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገቡ፤ ከዚያ ዝርዝር የወጡት በ2012 ነው። በዓለም ቅርስነት መመዝገባቸው ብቻውን ወጣቶቹን አላስቀረም፣ ካቦቹንም አላቆመም። ስለዚህ የላይኛውን ደን ረስቶ የታችኛውን ካብ ብቻ የሚያድስ ዕቅድ ቢቀርብልኝ እቃወማለሁ።

መሬት የወረሰ ተሳታፊ፦ እስካሁን ስለ ባለመሬቱ የተነገረው ጥቂት ነው። እኔና ዘመዶቼ ከአያታችን የወረስነው አንድ ረድፍ እርከን አለን፤ ከወራሾቹ ግማሾቹ በባሕር ማዶ ይኖራሉ፣ ድርሻቸው የት ላይ እንደሆነ የማያውቁም አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የበጎ ፈቃድ ቡድን ማንንም ሳይጠይቅ ካባችንን ጠገነ። ሥራው መልካም ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ቡድኑ መሬቱን ማረስ ሲጀምር ዘመዶቼ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለው ፈሩ፣ ነገሩ ወደ ጠብ አመራ፣ ቡድኑም ጥሎ ሄደ። ያ የታደሰ ካብ አሁን ቁጥቋጦ በቅሎበታል። ይህን ሳይ የሚሰማኝን ሐዘን መደበቅ አልችልም፤ አያቴ የካቡትን እንግዶች መልሰው አቆሙት፣ እኛ ተጣልተን ጣልነው።

ሕግ ይህን ሊያቃልል እንደሚችል አውቃለሁ። በጣሊያን በ1978 የወጣው ቁጥር 440 ሕግ ቢያንስ ለሁለት የእርሻ ዓመታት ያልታረሰ ለእርሻ የሚሆን መሬት፣ ሊያለማው ለሚጠይቅ ሰው በክልሉ አማካይነት እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል፤ መሬቱ ግን የባለቤቱ እንደሆነ ይቆያል። የባለቤትነትና የመጠቀም መብት ተለይቶ በጽሑፍ ከሰፈረ ሰው አይፈራም። እኛ ዘንድ የጠፋው ያ ጽሑፍ ነው።

የበጎ ፈቃድ ማኅበር አስተባባሪ፦ የመጨረሻውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁት። እኛም በሌላ ቦታ ተመሳሳይ ስሕተት ሠርተናል፤ ባለቤቱን ማግኘት ሲያቅተን “መልካም ሥራ ማን ይቃወማል?” ብለን ጀምረናል። ከእንግዲህ የመጠቀሚያ ዘመኑ፣ የምርቱ ድርሻና የጠጋኙ ግዴታ በጽሑፍ ሳይሰፍር አንድ ድንጋይ አናነሣም።

ነገር ግን ከዋናው ሐሳቤ አልተነሣሁም። በፔሩ፣ በኩስኮ አቅራቢያ፣ አርኪዮሎጂስቷ አን ኬንዳል የመሠረቱት የኩሲቻካ ትረስት ከነዋሪዎች ጋር ሆኖ ጥንታዊ እርከኖችን ለእርሻ ሲመልስ የመስኖ ቦዮቹንም አብሮ አድሷል፤ ለጥገናውም ነዋሪው ራሱ ሊያገኛቸው የሚችላቸውን የአካባቢውን ሸክላ አፈር፣ አሸዋና የቁልቋል ፈሳሽ ተጠቅሟል። የተሠራውን ሰው በአጠገቡ ባለ ነገር ሊጠግነው ከቻለ፣ ተመራማሪዋ የፈሩት ዳግመኛ መውደቅ አይቀሬ አይሆንም። እኛም የምንጀምረው የአፈር ባለሙያው እንዳሉት ከመንደር በላይ ካሉት እርከኖች ነው፤ የላይኞቹንና ሩቆቹን፣ ቦያቸውን ጠርገን፣ ለዛፍ እንለቃለን። ለካብ ባለሙያው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በካቡ ውስጥ የበቀሉትን ዛፎች እንንቀላቸው?

የካብ ባለሙያ፦ ካቡ ገና ቆሞ ከሆነ አትንቀሉ። ሥሩ ድንጋዮቹን ይዞ ስለሚወጣ በአንድ ቀን ሁለት ሜትር ካብ ታፈርሳላችሁ። ግንዱን ከካቡ ፊት ጋር እኩል ቁረጡት፣ አዲስ ቡቃያ ባወጣ ቁጥር መልሳችሁ ቁረጡ። ካቡ ሆድ ካወጣ ግን ያንን ክፍል ከላይ ጀምራችሁ እስከ መሠረቱ ፍቱት፤ ድንጋዩን በመጠን እየለያችሁ ትልልቁን ቅርብ፣ ትንንሹን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሥሩን ያን ጊዜ ታወጣላችሁ። ስትፈቱ ዝናብ በሌለበት ወቅት ይሁን፤ በአንድ ቀን መልሳችሁ ልትክቡ ከምትችሉት በላይም አትፍቱ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጥሩኝ፣ መሠረቱን አብረን እንቆፍራለን።