የእሁድ ቁሌት፣ የሳምንት እራት

ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ወደ አሜሪካ ከመጣን 5 ወራችን ነው፣ በዲቪ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር። እሱ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሰራል፣ እኔ የሆቴል ጽዳት ነኝ። የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ለምግብ የምትተርፈን በሳምንት 120 ዶላር ነች። አገር ቤት እያለሁ የቤቱን ወጪ የምይዘው እኔ ነበርኩ፣ እንዲህ ግራ ገብቶኝ አያውቅም። ከስራ የምገባው 12 ሰዓት ላይ ነው፣ በዚህ አቆጣጠር 6 ማለት ነው። ልጆቹ ርቧቸው ይጠብቁኛል፣ እኔ ደግሞ እግሬ አልቆም ይለኛል። ከዚያ ፒዛ ይታዘዛል። ባለፈው ሳምንት 2 ቀን አዘዝን፣ ከነማድረሻው ከነጉርሻው 60 ዶላር ሄደ። ርካሽ፣ ቶሎ የሚደርስ፣ ልጆችም የሚበሉት እራት ምን ትሰራላችሁ? ወጥ መስራትማ አያቅተኝም፣ ጊዜው ነው እንጂ። እባካችሁ እንዳትስቁብኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ማን ይስቅብሻል፣ ሁላችንም በዚያው ፒዛ አልፈናል። እኔ በፈረንጆቹ 2009 ስመጣ አንድ ዓመት ሙሉ ኩፖን ስቆርጥ፣ ለሁለት ዶላር ቅናሽ ሦስት ሱቅ ስዞር ከረምኩ። ያተረፍኳትን ሁሉ አርብ ማታ ለተጠበሰ ዶሮ ክንፍ እከፍላት ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ገንዘቤን የምትበላው ያቺ ከስራ የምገባባት ሰዓት ነበረች።

እስቲ አስቢው፣ የኛን ወጥ የሚያዘገየው ምንድነው? ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ምስር ራሱ ሳይዘፈዘፍ በ20 ደቂቃ ይበስላል። ስለዚህ ሽንኩርቱን እሁድ አንዴ ትገላገይዋለሽ። እኔ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ቁሌት ጠፍቶ አያውቅም፣ ጨው ያልቃል እንጂ እሱ አያልቅም።

አሰራሩን ልንገርሽ። ባለ 10 ፓውንድ ቢጫ ሽንኩርት ግዢ። ቀዩ የአገራችንን ይመስላል፣ እውነት ነው፣ ግን ኪስ ይጎዳል። ቢጫው ሲበስል ጣፈጥ ስለሚል በርበሬውን ማንኪያ ከፍ ማድረግ ነው። ግማሹን፣ 5 ፓውንድ ያህሉን፣ ልጠሽ በማሽን ክተፊው፣ ግን ጁስ እንዳታደርጊው፣ ጁስ ከሆነ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ሰፊና ወፍራም ድስት ላይ ያለ ዘይት፣ ቆንጠር ጨው አድርገሽበት ጣጂው። ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፣ ሲይዝብሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ። መልኩ ቡናማ ሲል 1 ኩባያ ተኩል ዘይት፣ ቀጥሎ 1 ኩባያ በርበሬ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። ከዚህ በኋላ እሳቱን ዝቅ አድርገሽ ሌላ 40 ደቂቃ ውሃ ጠብ እያልሽ ማማሰል ነው። አትቸኩይ። በርበሬው ጥሬ ጥሬ የሚሸት ከሆነ ገና ነው። ቅቤ እንዳታስገቢበት፤ ቅቤ ከሌለው ለጾምም ለፍስክም ይሆንሻል፣ በፍስኩ ቀን ስትሰሪ ያኔ ጣል ታደርጊበታለሽ።

የጭስ ደወሉን አደራ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ በርበሬዬን ደረቅ ድስት ላይ ጣል ሳደርገው ደወሉ ጮኸ፣ አራት ፎቅ ሙሉ ሰው በፒጃማ በረዶ ላይ ወጣ። እሳት አደጋዎች ደግሞ በሁለት መኪና ከች አሉ። አንዱ ድስቴን ከፍቶ አይቶ፣ አስነጠሰና "ሲደርስ ጥሪኝ" ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን ለአንድ ወር ሊፍት ውስጥ ቀና ብዬ ሰው ማየት አፍሬ ነበር። ስለዚህ መስኮት ይከፈት፣ ማራገቢያው ይብራ፣ በርበሬው ዘይት ከገባ በኋላ ብቻ።

ሲበርድ በትንንሽ ዚፕሎክ፣ አንድ ኩባያ የማይሞላ ያህል፣ እየከፈልሽ ጠፍጠፍ አድርገሽ እንደ ደብተር ደርድሪው። ጠፍጣፋ ከሆነ ድስት ላይ ባፍታ ይቀልጣል። 7 ወይም 8 ይወጣዋል። አንዱ ከረጢት ላንድ ቤተሰብ የአንድ ማታ ወጥ ነው። ከቀሪው ሽንኩርት ላይ ደግሞ በርበሬ የሌለው አልጫ ቁሌት ስሪ፣ በእርድ፣ ለልጆቹ። እሱ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም።

ማታ ስትገቢ እንግዲህ ኮትሽን ሳታወልቂ ቁሌቱን ከ1 ኩባያ ተኩል የታጠበ ምስርና ከ5 ኩባያ ውሃ ጋር ጣጂው። ልብስ ቀይረሽ፣ የልጆቹን ቦርሳ አይተሽ ስትመለሺ ደርሷል። ለአራት ሰው በቅቶ ለምሳ ዕቃሽም ይተርፋል። ሌላ ቀን 6 እንቁላል ቀቅለሽ እዚያው ቁሌት ውስጥ ትጨምሪና ኮረሪማና ቅቤ ጣል ታደርጊበታለሽ። የኔ ልጆች "ዶሮው የሸሸበት ዶሮ ወጥ" ይሉታል። እውነተኛውን ዶሮ ስትፈልጊ ደግሞ እግርና ታፋው አንድ ላይ በ10 ፓውንድ ከረጢት የሚሸጠውን ግዢ፣ ከዶሮ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ቆዳውን ገፈሽ፣ በሎሚ አጥበሽ በሦስት ከፍለሽ ታቀዘቅዢዋለሽ።

ጎመን ከፈለግሽ ፈረንጅ ሱቅ ኮላርድ የሚሉት ነው፣ የኛን ጎመን ቁጭ። ተከትፎ በረዶ የሆነውን ከገዛሽ ማጠቡም መክተፉም ቀረልሽ፣ ከአልጫው ቁሌት ጋር 15 ደቂቃ። ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመንማ ታውቂዋለሽ፣ ምን እነግርሻለሁ።

ምስርና ሩዝ ከህንዶች ሱቅ ግዢ። ማሱር ዳል የሚሉት ያው የኛ ቀይ ምስር ነው። ቻና ዳል የሚሉት ግን የሽምብራ ክክ ነው፣ የአተር መስሎሽ እንዳትገዢ፣ ቶሎ አይበስልም፣ ልጆቹ እያለቀሱብሽ ትቆሚያለሽ። እርድና ዝንጅብልም እዚያ ይረክሳል። የኛ ሱቅ ስትሄጂ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ ይዘሽ ቶሎ ውጪ፤ ወሬ ከጀመርሽ ቅርጫቱ ይሞላል።

ሌላው፣ በየማታው የግድ እንጀራ አይባልም። የእንጀራው ፌስታል ነው ሂሳቡን የሚያንረው። እኛ ሽሮም በሩዝ እንበላለን።

ከቶሮንቶ፦

እትዬ፣ እስከ ቁሌቱ ድረስ እየተማርኩ ነበር፣ ሽሮ በሩዝ ሲሉ ግን ስልኩ ከእጄ ወደቀ 😂 ምነው? ሽሮ ምን በደለ?

እኔ ተማሪ ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምኖረው። የኔ እራት ፓስታ ነው። አንድ ማንኪያ ቁሌት፣ አንድ ጣሳ ቲማቲም፣ አንድ ጣሳ ቱና፣ አለቀ። አገር ቤት ሰፈራችን ያለው ምግብ ቤት የሚሰራውን የጾም ስጎ ቁጭ ብሏል። ቁሌቱን ግን እስካሁን እናቴ በላከችው ደረቅ በርበሬ በየቀኑ ከዜሮ ነበር የምጀምረው፣ ፍሪዘር የሚባል ነገር እንዳለ አሁን ነው ያሰብኩት። ጅል ነኝ።

የተረፈ እንጀራ ደግሞ አይጣል። ቆራርሼ ትሪ ላይ አሰጣዋለሁ፣ በ2 ቀን ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል፣ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። ማታ ውሃ፣ ቁሌት፣ ድርቆሽ። 10 ደቂቃ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

አንተ ልጅ፣ ተርበህ ከክላስ ስትመጣ ሽሮ በሩዝ ይናፍቅሃል፣ ቆይ። ድርቆሹን ግን ጥሩ አልክ። ሻጋታ የጀመረውን ብቻ እንዳታደርቀው፣ ያየሁት ነገር ስላለ ነው።

ከፍራንክፈርት፦

እኔ ካለሁበት ልጨምር። እዚህ የኛ ሱቅ ውድ ነው፣ እኛን የሚያኖረን የቱርክ ሱቅ ነው። ምስሩም፣ ሽንኩርቱ በጆንያ፣ ፓርስሊውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡልጉር አለ፣ የተቀነጠበ ስንዴ፣ ማለትም የኛ ቅንጬ፤ ቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። ብዙ ሰው ቅንጬን የቁርስ ብቻ ያደርገዋል፣ እኛ ቤት እራት ነው። ከአልጫ ቁሌት ጋር አብስዬ አንድ አንድ እንቁላል ጠብሼ ከላይ አደርግበታለሁ። ልጄ ሌላ አትፈልግም።

እሁድ ቁሌት ለምትሉት፣ ጀርመን ያላችሁ እንዳትረሱ፣ እሁድ ሱቅ ዝግ ነው። እኔ ስመጣ ይህን ሳላውቅ አንድ እሁድ ባዶ ፌስታል ይዤ ከተማውን ዞሬ ዞሬ በደረቅ ዳቦና በሻይ አድሬያለሁ። ሽንኩርቱ ቅዳሜ ይገዛ።

ከፎልስ ቸርች፦

እህቴ፣ የምግብ አሰራሩን ለባለሙያዎቹ ትቼ ሌላ ነገር ላንሳ። ልጆችሽ ስንት ዓመታቸው ነው? ከ5 ዓመት በታች ካለ ዊክ (WIC) የሚሉትን፣ ለእናቶችና ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠውን የመንግሥት የምግብ እርዳታ ጠይቂ። ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ ይሰጣል። የገቢ መጠን ያያሉ እንጂ የመኖሪያ ወረቀት ዓይነት አይጠይቁም። ትምህርት ቤት የሚሄደው ደግሞ በነጻ ወይም በቅናሽ ቁርስና ምሳ ሊያገኝ ይችላል፣ ፎርሙን ከትምህርት ቤቱ ውሰጂ። ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሰጠው ድጋፍ ላይ ግን በግሪን ካርድ ለገባ አዋቂ በአብዛኛው 5 ዓመት ጠብቁ ይላል፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን አይጠብቁም። ስለዚህ "እኛ አይገባንም" ብለሽ አትተዪው፣ በልጆቹ ስም አመልክቺ። እኔ ይህን የሚነግረኝ አጥቼ 3 ዓመት በከንቱ አለፈኝ። አንድ ቢሮ ሄጄ አስተርጓሚ የለም ብለው መልሰውኝ፣ አፍሬ ቀረሁ። አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ መብት መሆኑን ያወቅኩት ቆይቶ ነው።

በጥገኝነት ለገቡ ሰዎች የፉድ ስታምፕ ህጉ በፈረንጆቹ 2025 ጥብቅ ሆኗል፣ እነሱ ካመለከቱበት ቦታ እንደገና ይጠይቁ።

ከአሌክሳንድሪያ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትንሹ 3 ዓመቱ ነው፣ ስለ ዊክ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እትዬ፣ እንጀራውን ግን እርስዎ ራስዎ ነው የሚጋግሩት? እኛ ቤት በቀን አንድ ፌስታል ያልቃል፣ ባለቤቴ ያለ እንጀራ እራት በላሁ አይልም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

በ15 ቀን አንዴ እጋግራለሁ፣ ግን በመጀመሪያ ዓመትሽ ግድ ነው አልልሽም፣ ድካም አለው። ንጹህ ጤፍም እዚህ ውድ ነው። ብዙዎቻችን ጤፉን በእርሾ 3 ቀን አቡክተን፣ በመጋገሪያው ቀን ያንኑ ያህል ሰልፍ ራይዚንግ ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር የተቀላቀለበትን የስንዴ ዱቄት፣ እንጨምርበታለን። ፈረንጅ ሱቅ ሁሉ አለ። ዓይን ያወጣል፣ ይለሰልሳል። አያቴ ብታየው ምን ትለኝ እንደነበር አላውቅም፣ ግን ይበላል።

ክረምት ላይ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ሊጡ አይቦካም። ኦቨኑን ሳትለኩሺ መብራቱን ብቻ አብርተሽ እዚያ ውስጥ አስቀምጪው፣ ሙቀቱ ይበቃዋል። በሩ ላይ ግን ወረቀት ለጥፊ። የኔው ባለቤት አንድ ማታ ለፒዛ ብሎ ኦቨኑን ለኮሰው፣ ሊጡ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ነበር። ባልዲውም ሊጡም ኦቨኑም ሄዱ። ያ ነው የመጨረሻው ፒዛችን።

ምጣዱን በተመለከተ፣ እዚህ ብዙ ሰው ቤት የምታይው ክብ ኤሌክትሪክ ምጣድ ኖርዌጂያኖች ሌፍሰ የሚሉትን የድንች ቂጣ ለሚጋግሩበት የተሰራ ነው። እኛ ወረስነው። አዲሱ ውድ ስለሆነ ያገለገለ ፈልጊ፣ ወደ ሌላ ስቴት የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ይሸጣል። እስከዚያው ግን ለባለቤትሽ እንጀራ፣ ለልጆቹ ሩዝ። ፌስታሉ ለ2 ቀን ይሆንሻል።

ከአሌክሳንድሪያ፦

(ከሳምንት በኋላ)

እትዬ፣ እሁድ ሰራሁት። 7 ከረጢት ወጣው። ደወሉ አልጮኸም፣ ባለቤቴን ወንበር ላይ አቁሜ ፎጣ ሳስወዛውዘው ነው የዋልኩት። ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ ያ ዶሮው የሸሸበት፣ ሐሙስ የቶሮንቶው ልጅ ፓስታ። ትልቋ ፓስታውን ሁለቴ ጨመረች። ትንሹ አልጫውን እንኳ ያቃጥላል ብሎ በውሃ አጥቦ በላ፣ ይሁን። አርብ ደክሞኝ ስልኩን አንስቼ ነበር፣ ከዚያ ፍሪዘሩን ከፈትኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ሽሮ በሩዝ በላን። ባለቤቴ ምንም አላለም፣ ግን ጨረሰው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ቁሌቴ መልኩ ጠቆር አለብኝ፣ መረር የሚልም ነገር አለው። ምን አጥፍቼ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

በርበሬው ይዞብሻል፣ እሳቱን አልቀነስሽውም። የቀረሽን ከረጢት ለምስር አድርጊው፣ ምስር ይሸፍነዋል፣ ጫፍ ማንኪያ ስኳርም ጣል አድርጊበት። በሚቀጥለው እሁድ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ድስቱን አውርጂውና አብርጂው። ባልሽን ከወንበሩ እንዳታወርጂው።