የክሎሪን ዱቄት አቃጠለኝ፣ ምን አጠፋሁ?

ሰላም ወገኖች፣ ለውሃ ታንከር ማከሚያ 65% ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ተሰጥቶኝ ትናንት ባልዲ ውስጥ ልበጠብጥ ስል ሽታው አፍንጫዬን አቃጠለኝ አይኔም አነባ፣ ማስክ አድርጌ ነበር እኮ!

— ውሃውን ዱቄቱ ላይ ነው እንዴ ያፈሰስከው? መጀመሪያ ውሃ፣ ከዛ ዱቄቱን ቀስ እያልክ። የጨርቅ ማስክ ደሞ ጋዝ አያስቆምም፣ መነጽርና የጎማ ጓንት አድርገህ ደጅ በጥብጥ።

— ይሄ እንደ ቤት በረኪና አይደለም ወንድሜ፣ እሱ 5% አካባቢ ነው። አሲድ ከነካው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ዘይት ወይ ናፍጣ ከነካው ደሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እኛ መጋዘን ከናፍጣ ጀሪካን አጠገብ ተቀምጦ አይቼ ክው ነው ያልኩት።

— አይን ከገባ አትሸው፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ታጥበህ ሐኪም ጋ።

— አዎ ውሃውን ነው ከላይ የደፋሁት 😅 ተባረኩ