የቆዳ ቦርሳ ሥራችንን ወደ ድሮ ፎቅ ቤት ልናዛውር ነው፤ ምን እናጣራ?

ቦርሳ ሠሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ እንሠራለን። ያለንበት ኮንዶሚኒየም ጠቦናል፤ ጎረቤቶቻችንም በማሽኑ ድምፅ ተማረዋል። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ የእንጨት በረንዳ ያለው የድሮ ፎቅ ቤት አግኝተናል። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ የላይኛው ወለል ጣውላ ነው። በቅርስነት ተመዝግቧል ተብለናል። ታች መሸጫ፣ ላይ ሦስት የቆዳ መስፊያ ማሽን አስበናል። የታችኛው ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቧል። አከራዩ «በሲሚንቶ እናስለስነዋለን» ብለውኛል። ቤቱን በጣም ወድጄዋለሁ። ከመፈራረማችን በፊት ምን ልይ?

ግንበኛው፦ እህቴ፣ ሲሚንቶ በፍጹም እንዳታስነኪው። የጭቃ ግንብ ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ ግን በልስኑ በኩል እየተነፈሰ ይደርቃል። በሲሚንቶ ስትደፍኚው ውሃው መውጫ ያጣል። ወደ ላይ ይሳባል፣ ጭቃው ይላላል፣ ልስኑም ተገንጥሎ ይወድቃል። የድሮዎቹ ግንበኞች በኖራ የለሰኑት አውቀው ነው።

መጀመሪያ የውሃውን ምንጭ ፈልጊ። አሸንዳው ተበስቷል? የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ብሏል? ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው፦ መንገዱ በተሠራ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ቤቱ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ልስኑን በጣትሽ ፈተግ አድርጊው። ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ከወጣ እርጥበቱ የቆየ ነው። ውሃውን አርቁለት፣ በጋውን ይድረቅ፣ ከዚያ በኖራ ይለሰን። ቆዳችሁን ግን ታች አታከማቹ። ክረምት ላይ ይሻግትባችኋል።

ጉዳይ አስፈጻሚ፦ ጥገናውን እናንተም አከራዩም ዝም ብላችሁ እንዳትጀምሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ መመዝገቡን በወረቀት አረጋግጡ። «ተብለናል» አይበቃም። ካርታውንም እዩ። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የቀበሌ ቤት ከሆነ ሰውየው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደሉም። በ2016 ፒያሳ ላይ ስንት አሮጌ ቤት ሲፈርስ አይተናል። ስለዚህ ቦታው በልማት ፕላን መነካት አለመነካቱን ክፍለ ከተማውን ጠይቁ። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ይጽደቅ። የንግድ ፈቃዳችሁን አድራሻም አስቀይሩ።

አናጢው፦ ማሽኖቹን መሃል ወለል ላይ አትደርድሩ። ጣውላውን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች መሃላቸው ላይ ይለምጣሉ። ወደ ግድግዳ አስጠጉ፣ ከእግራቸው ሥር ወፍራም ሳንቃ አንጥፉ። እርጥብ ግድግዳ ውስጥ የገባው የእንጨቱ ጫፍ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይወደዋል። በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ድምፁ ባዶ ከሆነ ማሽን እንዳታስገቡ።

ኤሌክትሪሻኑ፦ የድሮውን ሽቦ አትመኑት። ለማሽኖቹ አዲስ መስመር ከነብሬከሩ ይዘርጋ። ግድግዳውን ቦይ አትቆፍሩበት፣ በቱቦ ከላይ ይለፍ። የሚያሳስበኝ ማስቲሻችሁ ነው። ትነቱ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ቤቱ ደግሞ እንጨት ነው። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ሲቃጠል ምን እንደደረሰ ታስታውሳላችሁ። ማስቲሽ የምትቀቡበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት፣ ጣሳው ሌሊት እዚያ አይደር፣ የእሳት ማጥፊያም በር ላይ ይሰቀል።

ቦርሳ ሠሪዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኖራውን ወጪ እኛ ብንችል አከራዩ ከኪራዩ ይቀንሱልናል?

ጉዳይ አስፈጻሚ፦ ጠይቂያቸው። ከተስማሙ የወጪው መጠንና በየወሩ የሚቀነሰው ብር ውሉ ላይ ይጻፍ። ቤቱን ከውሉ በፊት ቢያስለቅቋችሁ ቀሪውን እንዲከፍሉም ጨምሩበት።