የተማሩት ካልተወረሰ ለኢቮሉሽን ምን ይጠቅማል?

የማታ_ኮደር፦
ሰላም ነው ጓዶች፣ በፓይተን ሲሙሌሽን እየሰራሁ ነው። ምግብ ፍለጋ የሚዞሩ ፍጥረቶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ትንሽዬ ኒውራል ኔትወርክ (እንደ አንጎል የሚወስን ፕሮግራም) አላቸው፣ ዌይቱ (የግንኙነቶቹን ጥንካሬ የሚወስነው ቁጥር) ከጂናቸው ነው የሚመጣው፣ ብዙ የበላ ይወልዳል ልጁ ላይ ሚውቴሽን (በዘፈቀደ የሚመጣ የጂን ለውጥ) ይገባል። አሁን በህይወት እያሉም እንዲማሩ ላደርግ አስቤ ነበር ግን የተማረው ሲሞት አብሮት ይቀበራል አይደል እንዴ? ወይስ የተማረውን ዌይት ቀጥታ ልጁ ላይ ልገልብጠው?

ጥቁር_ሰሌዳ፦
ኧረ አትገልብጠው! (ኮምፒውተር ላይ ላማርክን፣ ማለትም በህይወት የተገኘ ነገር ለልጅ ይወረሳል የሚለውን ሀሳብ፣ የሚከለክል የለም፣ ግን ያኔ የምታጠናው ሌላ ነገር ነው።) ተመራማሪዎቹ ሂንተንና ናውላን እ.ኤ.አ. በ1987 በኮምፒውተር የሰሩትን እይ። 20 ግንኙነት ያለው ኔትወርክ ነው፣ 20ውም ልክ ካልሆኑ ነጥብ የለም፣ 19 ያገኘና ምንም ያላገኘ እኩል ናቸው። አማራጩ ከሚሊዮን በላይ ስለሆነ ሚውቴሽን ብቻውን ሲዳብስ ይኖራል። እነሱ ታዲያ እያንዳንዱን ጂን ወይ ትክክል ወይ ስህተት ወይ ክፍት አደረጉት፣ ክፍቱን ፍጥረቱ ራሱ በህይወቱ እስከ 1000 ጊዜ እየገመተ ይሞላዋል፣ ቶሎ ያገኘ ብዙ ይወልዳል። ቶሎ የሚያገኘው ደግሞ ማነው? ሲወለድ ብዙ ትክክለኛ ጂን ይዞ የመጣው ነዋ! ስለዚህ ዕውቀቱ ሳይወረስ ለመማር የሚያመቸው ጂን ይመረጣል፣ ከትውልድ ትውልድ በትምህርት ይገኝ የነበረው እየቆየ ጂን ውስጥ ይገባል። ሀሳቡ የስነ ልቦና ተመራማሪው የባልድዊን ነው፣ እ.ኤ.አ. 1896።

ቡና_በጨው፦
ልክ ነው ግን እሱ ሆን ተብሎ የተመረጠ ከባድ ምሳሌ ነው። አንተ ጋ እኮ ትንሽ የተሻለው ትንሽ ይበልጥ ይበላል፣ ምርጫው ያለትምህርትም መንገዱን ያያል። እንደውም መማር ሊያዘገይህ ይችላል፣ ሁሉም ተምሮ እኩል ከሆነ ደካማው ጂን በምን ይለያል? እዛው 1987 ስራ ላይም ክፍቶቹ ጂኖች ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፣ ጥቂት ሲቀሩ በግምት መሙላቱ ቀላል ነዋ። መማር ጉልበት ያስከፍል፣ በተማረ ቁጥር ከበላው ቀንስበት።

ሰባራ_ሮቦት፦
ነጥብ አሰጣጡ ላይም ንቃ ወንድሜ፣ ቀዳዳ ካለ ያገኙታል። የኮምፒውተር ግራፊክስ ባለሙያው ካርል ሲምስ እ.ኤ.አ. 1994 ላይ በሲሙሌሽን የሚሄድ ፍጥረት ፈልጎ ረጅም ሆኖ ዝም ብሎ በመውደቅ ፍጥነት የሚያስመዘግብ እንዳይመጣበት መጀመሪያ ወድቀው እስኪረጉ ይጠብቅ ነበር ከዛ ነው የሚለካቸው።

የማታ_ኮደር፦
አሪፍ፣ በቃ ሶስት ቡድን ላስኬድ ነው፣ የማይማር፣ በነጻ የሚማር፣ ከፍሎ የሚማር። ግራፉን እለጥፋለሁ።