ለሱቅ ሶፍትዌር ዝቅተኛውን የኮምፒውተር መስፈርት በምን እንወስን?

ጥያቄ (ከመንደራ)
ሰላም የጅማ ልጆች። ለቡና አቅራቢዎችና ለጅምላ ሱቆች የሚሆን የዕቃና የሽያጭ መመዝገቢያ ሠርተን ልንሸጥ ነው። በዶትኔት ፍሬምወርክ 4.8 (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) እና በኤስኪውላይት (መረጃውን በአንድ ፋይል የሚይዝ ዳታቤዝ) የተሠራ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ማሸጊያው ላይ «ዝቅተኛ መስፈርት» ብለን ምን እንጻፍ? አንዱ ባልደረባችን «ኮር አይ3፣ 4 ጊጋ ራም ይበቃል» ይላል፤ ሌላው 8 ጊጋ ካላልን ቅሬታው አያስቀምጠንም ባይ ነው። የደንበኞቻችን ላፕቶፖች አብዛኞቹ ያገለገሉ ናቸው፤ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) የላቸውም፣ ዊንዶውስ 7 ያለባቸውም አሉ።

መልስ (ከፈረንጅ አራዳ)
ከራም አትጀምሩ፤ ከሥራው ጀምሩ። ሻጩ በቀን ደጋግሞ የሚሠራቸውን አራት አምስት ነገሮች ጻፉና ለእያንዳንዱ የጊዜ ገደብ ስጡ፦ ፕሮግራሙ በ15 ሰከንድ ይከፈት፣ ዕቃ ፍለጋ በ1 ሰከንድ ይምጣ፣ ደረሰኝ በ2 ሰከንድ ይቀመጥ፣ የወሩ ሪፖርት በ20 ሰከንድ ይውጣ። እነዚህን የሚያሟላው ደካማው ማሽን እሱ ነው ዝቅተኛ መስፈርታችሁ።

ፈተናው ግን በባዶ ዳታቤዝ አይሁን። በቀን 150 ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ በሁለት ዓመት 90,000 ደረሰኝ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ አራት መስመር ቢይዝ 360,000 ረድፍ ነው። ይህን ያህል የሙከራ ዳታ ሙሉበት። ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፈጥን ማውጫ) የረሳችሁበት ቦታ ካለ ያን ጊዜ ይጋለጣል፤ ራም በመጨመር የሚድን ችግር አይደለም።

የመክፈቻውን ጊዜ የምትለኩት ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጋችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቱ ነው። ሁለተኛው አከፋፈት ከራም ስለሚነበብ ያታልላል። ቻርጀሩንም ነቅላችሁ ድገሙት፤ ብዙ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል፣ እዚህ ደግሞ መብራት ሲሄድ ሽያጩ የሚቀጥለው በባትሪ ነው።

ለራም፦ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» ገብታችሁ «ኮሚት ሳይዝ» የሚለውን ዓምድ ጨምሩና ትልቁ ሪፖርት ሲወጣ የደረሰበትን ጣሪያ መዝግቡ። የተለመደው የሜሞሪ ዓምድ አሁን ራም ላይ ያለውን ብቻ ስለሚያሳይ ወደ ዲስክ የተገፋውን አይቆጥርም። ዊንዶውስ 10 ከአንቲቫይረስ ጋር 2 ጊጋ አካባቢ ቢወስድና ብሮውዘር ተከፍቶ 1 ጊጋ ቢይዝ፣ ባለ 4 ጊጋ ማሽን ላይ ለእናንተ የሚተርፈው ከ1 ጊጋ በታች ነው። ጣሪያችሁ ከ500 ሜጋባይት ካላለፈ 4 ጊጋ ብላችሁ በድፍረት ጻፉ።

ባለ 4 ጊጋ ማሽን ከሌላችሁ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ክፈቱ፤ «ቡት»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ማክሲመም ሜሞሪውን 4096፣ የፕሮሰሰሩን ቁጥር 2 አድርጋችሁ ሪስታርት አድርጉ። ስትጨርሱ ምልክቱን ማንሳት እንዳይረሳ። የሃርድ ዲስክን መንቀርፈፍ ግን በዚህ መንገድ ማስመሰል አይቻልም፤ ባለ 5400 ዙር ሃርድ ዲስክ ያለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ግዙ።

መልስ (ከአጂፕ)
«ኮር አይ3» ብቻውን ምንም አይነግርም። የመጀመሪያው ትውልድ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ 2 ኮር ነው፤ የ8ኛው ጄኔሬሽን አይ3-8100 ደግሞ ባለ 4 ኮር። ጄኔሬሽኑን ጨምሩበት፤ የፈተናችሁበትን።

ሁሉም የሚረሳው ስክሪኑ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ 1366 በ768 ነው። የማሳያው ማጉያ (ስኬል) 125 በመቶ ላይ ከሆነ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው 1093 በ614 ያህል ብቻ ነው፣ ከዚያም ላይ ታስክባሩ ይቀነሳል። የደረሰኙ ፎርም 700 ፒክሰል ቁመት ካለው «አስቀምጥ» የሚለው በተን ከታስክባሩ ሥር ይገባል፣ ሻጩም ሊጫነው አይችልም። ወይ ፎርሙ ስክሮል ያድርግ፣ ወይ በተኑን ወደ ላይ አውጡት።

መልስ (ከቆጪ)
ዊንዶውስ 7ን በተመለከተ፦ ዶትኔት 4.8 ሰርቪስ ፓክ 1 ባለው ዊንዶውስ 7 ላይ ይሠራል። ኢንተርኔት በሌለው ማሽን ላይ ግን መጫኛው የሰርተፍኬት ስህተት አሳይቶ ሊቆም ይችላል፤ የማይክሮሶፍት የ2011 እ.ኤ.አ. ሩት ሰርተፍኬት (ፋይሉ የማይክሮሶፍት መሆኑ የሚረጋገጥበት) ስለሚጎድል ነው። ሰርተፍኬቱንና ኦፍላይን መጫኛውን አብራችሁ ፍላሽ ላይ አድርጉ። ዊንዶውስ 10 ከስሪት 1903 ጀምሮ 4.8ን ይዞ ይመጣል።

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ካለ የኤስኪውላይት የፕሮግራም ፋይል በሁለቱም ዓይነት፣ በ32ም በ64ም ቢት፣ መኖር አለበት። አንዱ ከጎደለ ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ሊከፍት ሲል ይወድቃል፤ ደንበኛው «ተበላሽቷል» ብሎ ይደውላል።

ፊደሉንም አስቡ። ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ዊንዶውስ 7 ላይ አለ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው፣ በነባሪ ያለው ኢብሪማ ነው። ሁለቱ ስፋታቸው ስለሚለያይ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ስም ይቆረጣል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ነፃ ፎንት ከፕሮግራሙ ጋር አያይዙ።

እኔ ብሆን ዊንዶውስ 7ን ማሸጊያው ላይ አልጽፍም። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። «ይሠራል» እና «ችግር ሲገጥም መጥተን እናስተካክላለን» የተለያየ ቃል ነው፤ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ሁለተኛው ነው።

ጠያቂው
እናመሰግናለን። በሃርድ ዲስክ ሞከርነው፤ 2,000 ዕቃ ከኤክሴል ስናስገባ ደቂቃዎች ይፈጃል። ኤስኤስዲ ግዴታ እናድርግ?

መልስ (ከፈረንጅ አራዳ)
አይ፣ ኮዱን አስተካክሉ። እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ኮሚት እያደረጋችሁ (ዲስክ ላይ እያጸደቃችሁ) ይመስላል። ባለ 5400 ዙር ዲስክ በሰከንድ የሚዞረው 90 ጊዜ ነው፤ አንድ ኮሚት ደግሞ ዲስኩን ከአንድ ጊዜ በላይ ይጠብቃል። 2,000ውንም በአንድ ትራንዛክሽን (አብሮ በሚጸድቅ አንድ ጥቅል) ውስጥ አስገቡ፤ በሰከንዶች ያልቃል።

ለማፍጠን ብላችሁ «ሲንክሮነስ»ን (የተጻፈው ዲስክ ላይ መድረሱን የሚጠብቀውን የኤስኪውላይት ቅንብር) እንዳትዘጉት፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ዳታቤዙ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። በዋል ሞድ (ለውጡ መጀመሪያ በተለየ ፋይል በሚጻፍበት አሠራር) ሲንክሮነስ «ኖርማል» ሲሆን ዳታቤዙ አይበላሽም፣ ግን የመጨረሻዎቹ ሽያጮች ሊጠፉ ይችላሉ። የገንዘብ መዝገብ ስለሆነ «ፉል» ላይ ተዉት።

መልስ (ከአጂፕ)
መጫኛው ራሱ ማሽኑን ይፈትሽ። ራሙን ግን ልክ 4 ጊጋ ብላችሁ አትፈትሹ፤ ግራፊክሱ ከራሙ ስለሚቆርስ ባለ 4 ጊጋው ማሽን 3.8 ብሎ ሊያሳይና መጫኛው ሊከለክል ይችላል። ገደቡ 3.5 ይሁን፤ ከዚያ በታች ሲሆን ያስጠንቅቅ እንጂ አይዝጋ።

ለዲስክ የፕሮግራሙን መጠን ብቻ አትጻፉ። ዳታቤዙ 150 ሜጋባይት ደርሶ የ30 ቀን ባክአፕ ቢቀመጥ 4.5 ጊጋ ነው። ስለዚህ፣ ፈተናውን ካለፈ፣ እንዲህ ጻፉት፦ «ዊንዶውስ 10 ወይም 11፣ ባለ 64 ቢት፤ ኢንቴል ኮር አይ3 4ኛ ጄኔሬሽን ወይም ከዚያ በኋላ፤ 4 ጊጋባይት ራም፤ 6 ጊጋባይት ባዶ የዲስክ ቦታ፤ ስክሪን 1366 በ768። ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም ይመከራል።» 4ኛ ጄኔሬሽን ያልኩት ለምሳሌ ነው፤ የፈተናችሁበት 6ኛ ከሆነ 6ኛ ብላችሁ ጻፉ።