የ12 ዓመት ልጄ የጉልበት ጅማት ተበጥሷል፤ አሁን ይሠራለት ወይስ እንጠብቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኛል። ልጄ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ዞሮ ኤሲኤል የሚባለው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ ኤምአርአይም አረጋግጧል። አንደኛው ሐኪም "ገና እያደገ ስለሆነ ቁመቱን እስኪጨርስ በፊዚዮቴራፒ እናቆየው" አለን። ሌላኛው ደግሞ ጉልበቱ እየከዳው ከቆየ ሜኒስከስ የሚባለው፣ በጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል አካልም ይቀደዳል፣ ቶሎ ይሠራ ባይ ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ የቸገረኝም እሱ ነው! እግር በብዛት የሚረዝመው ከጉልበት በላይና በታች ካሉት የአጥንት ማደጊያ ቦታዎች ነው አሉ፤ በቀዶ ጥገናው በተበጠሰው ምትክ የሚገባውን አዲስ ጅማት ለማሳለፍ አጥንቱ ሲበሳ እነሱ ከተጎዱ እግሩ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። እነዚህን ቦታዎች ሳይነኩ የሚሠራበት ዘዴ አለ፣ ግን ለሱ ይሆናል አይሆንም የሚለውን ቁርጥ አድርጎ የነገረኝ የለም። የእጁ ራጅ ታይቶ የአጥንቱ ዕድሜ፣ ማለትም ገና ምን ያህል እድገት እንደቀረው፣ ይለካ ብዬ ብጠይቅ ይጠቅማል?

በዚህ ዕድሜ ልጃችሁ የተሠራለት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። በየትኛው ዘዴ ነበር? ጅማቱስ ከየት ተወሰደ? ከዚያ በኋላ የሁለቱ እግሮች ርዝመት እስከ መቼ ነው የተለካው? እሱ እንደሆነ መቼ ነው የምጫወተው ከማለት ሌላ ጭንቀት የለውም፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቢያንስ 9 ወር እንደሚፈጅ ገና አልነገርኩትም።