ትኬትና ፖይንት፦ ለጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ የትኬቱን ጉዳይ አንስተን ሳንቋጨው አዳራሹን የምናስረክብበት ሰዓት ደረሰብን። ለጠቅላላ ጉባኤው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። መነሻው ይሄ ነው፦ አባላችን የትራፊክ ትኬት ሲቆረጥበት፣ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት ማኅበሩ ያግዘው። በምን እናግዘው? ማንን? ገንዘቡስ ከየት? ጻፉልኝ፣ እኔ እያስተካከልኩ እሄዳለሁ። በቨርጂኒያ እንጀምር፣ የአብዛኞቻችን መንጃ ፈቃድ የዚህ ነውና። የሜሪላንድ ልጆች፣ አልረሳናችሁም።

የማታው ታክሲ፦
ነገሩን ያነሳሁት እኔ ስለሆንኩ እኔው ልጀምር። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰው አድርሼ ስመለስ ፖሊስ አስቆመኝ። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል በሆነበት መንገድ 48 ስትነዳ ይዤሃለሁ አለኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ በስልኬ ከፈልኩት። ዕዳ ይዤ ማደር አልወድም። ፍርድ ቤት መቆም ደግሞ ፈራሁ፣ እኛ ዘንድ ፍርድ ቤት ቆመ የተባለ ሰው ስሙ መነሳቱ አይቀርም። ለካ መክፈል ማለት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን ነው። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ እኔ ግን አላነበብኩትም። ከመንጃ ፈቃዴ ላይ 4 ፖይንት (ነጥብ) ሄደ፣ ኢንሹራንሴም ጨመረ። ያን ሌሊት አንድ ሰው ደውሎ «ቆይ፣ እንዳትከፍል» ቢለኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እኔ ከማኅበሩ የምፈልገው ይቺን አንዲት ስልክ ነው።

እህት ከፎልስ ቸርች፦
ወንድሜ፣ ያንተ ታሪክ የብዙዎቻችን ነው። መንገድ ላይ በመፈረምህ ግን አትጸጸት። ፊርማው «በቀጠሮዬ እቀርባለሁ» ማለት ብቻ ነው። አልፈርምም ብትል ይዞህ ሊሄድ ይችል ነበር። የጎዳህ ክፍያው ነው።

ደግሞ ከከፈልክ በኋላም ቢሆን የ8 ሰዓቱን የአነዳድ ማሻሻያ ክላስ መውሰድ ትችል ነበር። እኔ ወስጄዋለሁ። በራስህ ፈቃድ ከሄድክ በየ24 ወሩ አንዴ 5 ፖይንት ይጨመርልሃል። ሒሳቡን ለማያውቁት ላስረዳ። ቨርጂኒያ ያለ ጥፋት ለነዳህበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 1 ፖይንት ትሰጥሃለች፣ ጣሪያው 5 ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት እስከ 9 ማይል ካለፍክ 3 ይቀነሳል፣ ከ10 እስከ 19 ካለፍክ 4፣ 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ 6። 2 ፖይንት የነበረው ሰው 4 ሲቀነስበት ከዜሮ በታች 2 ይወርዳል፣ ክላሱን ሲጨርስ ደግሞ ከዜሮ በላይ 3 ላይ ይቆማል። በ12 ወር ውስጥ 12 ፖይንት የተቆረጠበት ሰው ክላሱን በግድ ይወስዳል፣ 18 ከደረሰ ፈቃዱ ለ90 ቀን ይታገዳል። ስለዚህ ማኅበሩ መጀመሪያ ለክላሱ ይክፈል ባይ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ፣ ክላሱ ፖይንቱን ከመለሰው ፍርድ ቤት መሄዱ ለምን አስፈለገ? የአንድ ቀን ሥራ ማጣት ቀላል አይደለም። ዕድሩ ባለበት ሌላ መዋጮ ስንጨምር ሰው ይከብደዋል። ወጪው አንድ ቦታ ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

እህት ከፎልስ ቸርች፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። ክላሱ ፖይንት ይጨምራል እንጂ ጥፋቱን ከሪከርድ ላይ አያጠፋም። ፖይንቱ በሁለት ዓመት ይወርዳል፣ የፍጥነት ጥፋቱ ግን ሪከርዱ ላይ 5 ዓመት ይቀመጣል። ኢንሹራንሶች ደግሞ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፣ የሚያዩትም ጥፋቱን ነው። በአፕ የምንሠራባቸው ድርጅቶችም ሪከርድ ነው የሚያስመጡት። ታዲያ ጥፋቱ ሳይመዘገብ ማስቀረት ወይም ማሳነስ የሚቻለው ዳኛ ፊት ብቻ ነው። ከፍሎ የጨረሰ ሰው ያንን በር በገዛ እጁ ዘግቶታል።

የማታው ታክሲ፦
ዳኛ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ? እንግሊዝኛዬ ለመንገድ ይበቃል፣ ለፍርድ ቤት ግን አይበቃም።

እህት ከፎልስ ቸርች፦
አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል። ከቀጠሮው ቀደም ብለህ ለጸሐፊው ክፍል መንገር ብቻ ነው። ይሄ ለአባላት በምናዘጋጀው የመመሪያ ካርድ ላይ መጻፍ አለበት። ሰው ጓደኛውን ይዞ ሄዶ «እሱ ይተርጉምልኝ» እያለ ቀጠሮ እየተራዘመበት ይመለሳል።

ባዶ እጅህን ግን አትሂድ። የሪከርድህን ኮፒ አውጣ። ክላሱን ቀድመህ ከወሰድክ ሰርተፊኬቱን ያዝ። የመኪናህን ፍጥነት መቁጠሪያ የሚመረምር ጋራዥ ወስደህ ወረቀት አምጣ። መቁጠሪያው ያሳሳተህ ከሆነ ዳኛው ሊመለከተው ይችላል። አንዳንዴ ክሱ ወደ ዕቃ ጉድለት ይወርዳል፣ እሱ ደግሞ ፖይንት የለውም። ሁሉም በዳኛው ፈቃድ ነው፣ ማንም ቃል ሊገባልህ አይችልም። ፍርዱ ካልተስማማህ በ10 ቀን ውስጥ ሰርኪት ፍርድ ቤት ይግባኝ ብለህ ጉዳይህ እንደ አዲስ ይታያል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ዳኛው አዝዞህ ክላስ ከሄድክ 5ቱን ፖይንት ላታገኝ ትችላለህ፣ እሱ የሚወስነው ነው። በፈቃድህ የወሰድከውም በ24 ወር አንዴ ብቻ ስለሆነ ለ3 ፖይንት ትኬት ከማቃጠልህ በፊት አስብበት።

የኮሎምቢያ ፓይኳ እናት፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቅር ያለኝን ልናገር። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ፖይንት እንዴት ይቀራል ነው። እኔ ልጆቼን በእግር ነው ትምህርት ቤት የማደርሰው። ባለፈው ክረምት የእግረኛ መሻገሪያው ላይ መብራቱ ለእኛ በርቶ፣ ታናሽየዋን በእጄ ይዤ፣ አንድ መኪና ከፊታችን ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፏል። ልጅቷ እስከ ዛሬ መንገድ ስንሻገር እጄን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። የማኅበሬ ገንዘብ ለእንደዚያ ዓይነት ሹፌር ሲወጣ ማየት አልፈልግም። ፖይንቱ የተሠራው እኮ ለልጆቻችን ነው።

ባስ ነጂው፦
እህቴ፣ እውነትሽን ነው። እኔም ከሐሳቡ ወደኋላ ያልኩት በዚሁ ምክንያት ነበር። ልጆች ላወርድ ቆሜ ቀዩን መብራት ጥሶ የሚያልፍ ሰው በዓይኔ እያየሁ ነው የምውለው። ገደብ እናብጅለት። በትምህርት ቤት ዞን በፍጥነት የተያዘ፣ የቆመ የተማሪ ባስ ያለፈ፣ ጠጥቶ የነዳ፣ ስልክ በእጁ ይዞ የተያዘ አይካተት። ስልክ በእጅ መያዝ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ክልክል ነው፣ አላወቅሁም የሚል ሰው ሊኖር አይገባም።

ሌላው፣ እንደኔ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ልብ በሉ። ሕጉ ለእኛ የተለየ ነው። በጥፋቱ ምትክ ክላስ ልኮ ማለፍ ዳኛው ለእኛ አይፈቀድለትም፣ በግል መኪናችን ብንያዝም። አንድ ወዳጄ ሌሎች የነገሩትን አምኖ ሳይዘጋጅ ሄዶ ተጎድቷል። ካርዱ ላይ ለብቻው ይጻፍ።

የማታው ታክሲ፦
እናትየዋ ያሉት ልቤን ነክቶታል። እኔም በ48 ስሄድ ትክክል አልነበርኩም፣ መንገዱ ባዶ ነበር ብዬ ነው። ክላሱን ብወስድ ኖሮ ፖይንት ብቻ ሳይሆን ትምህርትም አገኝ ነበር። ስለዚህ እንዲህ እናድርገው፦ ማኅበሩ ለፍርድ ቤት ቀኑ የሚያግዘው ክላሱን የወሰደን ወይም የተመዘገበን ሰው ብቻ ይሁን።

የኮሎምቢያ ፓይኳ እናት፦
እንደዚያ ከሆነ እጄን አወጣለሁ። በተጨማሪ አንድ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይረዳ።

ጋሼ (ከመሥራቾቹ)፦
ልጆቼ፣ በደንብ እየተነጋገራችሁ ነው። ሁለት ነገር ረስታችኋል።

የመጀመሪያው ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ነው። ሁላችሁም ወደ ሬገን ኤርፖርት የምትመላለሱበት። ያ መንገድ የፌዴራል መሬት ነው፣ የሚጠብቀውም የፓርክ ፖሊስ ነው። እዚያ የተቆረጠ ትኬት ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት አይሄድም፣ አሌክሳንድሪያ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው የሚያየው። ሰው ወረቀቱን ሳያነብ ካውንቲው ድረስ ሄዶ «ስምህ የለም» ሲባል ደስ ብሎት ይመለሳል፣ ቀጠሮው ሌላ ቦታ ያልፍበታል። ወረቀቱ ላይ የየትኛው ፍርድ ቤት ስም እንዳለ በቅድሚያ እዩ።

ሁለተኛው ሬክለስ (በግዴለሽነት መንዳት) ነው። ከተፈቀደው 20 ማይል ያለፈ፣ ወይም የትም ይሁን የት ከ85 በላይ የነዳ፣ ትኬት ይመስለዋል እንጂ የተያዘው በወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ቅጣት ድረስ ይሄዳል፣ ሪከርዱ ላይ ደግሞ 11 ዓመት ይቆያል። ከፍሎ መገላገል የለም፣ መቅረብ ግዴታ ነው። እናንተ ይሄን ሰው በሐሳቡ ውስጥ አላነሳችሁትም። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ከሁሉም በላይ እርዳታ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ገና ዜግነት ያላገኘ ልጅ ቢሆንስ? ያለ ጠበቃ አንድ ቃል እንዳይናገር የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን የጠበቃ ወጪ ካዝናችንን ያራቁተዋል። እናትየዋ ያሉትም አለ።

ጋሼ (ከመሥራቾቹ)፦
ስጦታ አላልኩም። ብድር ይሁን። ዋስ ጠርቶ ይበደር፣ በየወሩ ይመልስ። ስልኩን ግን ለማንም አንንፈግ።

የኮሎምቢያ ፓይኳ እናት፦
በብድር ከሆነ አልቃወምም ጋሼ። የጠጣን ሰው ግን በብድርም አልስማማም።

ጋሼ (ከመሥራቾቹ)፦
እሱን እኔም አልስማማም ልጄ።

አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የሜሪላንዱን ልጨምር። እኛ ጋ ቁጥሩ ወደ ላይ ነው የሚቆጠረው። 10 ማይል ያላለፈ 1 ፖይንት፣ ከዚያ በላይ 2፣ 30 ማይል ካለፈ ደግሞ ከዚያም ይበዛል። 5 ሲሞላ ትምህርት ያዝዙሃል፣ 8 ሲደርስ እገዳ፣ 12 ላይ ፈቃዱ ይሰረዛል። ትኬት ከተቀበልክ በ30 ቀን ውስጥ መምረጥ አለብህ፦ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ምክንያት ለማስረዳት መቅረብ፣ ወይም ሙሉ ችሎት። ዳኛው ሪከርድህን አይቶ ፍርዱን ሳይመዘግብ በአመክሮ ሊያልፍህ ይችላል፣ ያኔ ፖይንት የለም። እኛ ፒቢጄ የምንለው እሱን ነው። የቨርጂኒያው የ8 ሰዓት ክላስ የሚሰጠው 5 ፖይንት ግን ለሜሪላንድ ፈቃድ አይሠራም፣ ገንዘባችሁን እንዳታባክኑ። በካሜራ የመጣ ትኬትም ፖይንት የለውም፣ ለሱ ማኅበሩን አናስቸግር። በጊዜው መክፈል ብቻ።

ጸሐፊዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። እስካሁን ያለውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ አንብቡና አስተካክሉ።

«ትኬት የተቆረጠበት አባል ከመክፈሉ በፊት ወደ ማኅበሩ ስልክ ይደውላል። ስልኩን ያነሳው ሰው ካርዱ ላይ ያለውን ያነብለታል፣ የሕግ ምክር አይሰጥም። ከተፈቀደው ፍጥነት ያለፈው ከ20 ማይል በታች የሆነና ከዚህ በፊት በሁለት ዓመት ውስጥ ያልተረዳ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው አባል፣ ክላሱን ሲጨርስ ደረሰኙን አምጥቶ ወጪው ይተካለታል፣ ፍርድ ቤት ለሚውልበት ቀንም ጉባኤው የሚወስነው ገንዘብ ይሰጠዋል። የሜሪላንድ አባል የፍርድ ቤት ቀኑን ብቻ ያገኛል። በትምህርት ቤት ዞን በፍጥነት፣ የተማሪ ባስ በማለፍ፣ ስልክ በእጅ በመያዝ ወይም በመጠጥ የተያዘ ገንዘብ አያገኝም። በሬክለስ የተከሰሰ፣ መጠጥ ከሌለበት፣ ለጠበቃ የሚሆን ብድር በዋስ ሊጠይቅ ይችላል።»

«የሕግ ምክር አይሰጥም» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጠበቃ አይደለንም። አንድ ሰው በእኛ ቃል ተማምኖ ቢጎዳ ዕዳው በእኛ ላይ ይሆናል።

ባስ ነጂው፦
የንግድ ፈቃድ ያለው አባል የፍርድ ቤት ቀኑን ይወስዳል ወይ? ግልጽ ይሁን።

ጸሐፊዋ፦
ይወስዳል። እጨምራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ለመጀመሪያው ዓመት ከመዋጮው ላይ ምንም ሳንጨምር፣ ከበዓል ዝግጅት የተረፈውን እንመድብለት። ከዓመት በኋላ ስንት ሰው እንደተጠቀመ ሪፖርት አቀርባለሁ፣ ያኔ መዋጮ ያስፈልግ እንደሆነ እናያለን። የደረሰኝ ነገር ግን ጥብቅ ነው። ያለ ደረሰኝ ሳንቲም አይወጣም።

እህት ከፎልስ ቸርች፦
ካርዱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ እኔ አዘጋጃለሁ። ከፀሐይ መከላከያው ኋላ የሚገባ ትንሽ ይሁን። ፈቃድ ካላቸው ክላስ ሰጪዎች ውስጥ በአማርኛ የሚያስተምር ካለም እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ብዙ ሆነን ከሄድን ዋጋም ሊቀንሱልን ይችላሉ።

ጸሐፊዋ፦
የቀረን ስልኩ ነው። ፖሊስ ቀንም ሌሊትም ያስቆማል። ቀን እኔና ባስ ነጂው እንካፈለዋለን፣ በሥራ ሰዓት ግን እሱ መኪናውን ካላቆመ አያነሳም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላስ?

የማታው ታክሲ፦
ሌሊቱን ለእኔ ስጡኝ። መቼም ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት አልተኛም። ሰው ባልጫንኩበት ሰዓት ቆሜ አነሳለሁ፣ ከጫንኩ አድርሼ መልሼ እደውላለሁ።